መደርደሪያው ሞልቶ መሳቢያው ሲጎድል

(የማኅበራችን ጸሐፊ በጠቅላላ ስብሰባው ላይ ያሰሙት ንግግር። በስብሰባው ላይ ላልተገኙ አባላት እንዲደርስ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ወጥቷል።)



ሊቀ መንበራችን ስለ ሰፈራችን ሱቆችና ስለ ትንንሽ የሥራ ቦታዎች ጥቂት እንድናገር አዘውኛል። እኔ እንደምታውቁት የተማርኩት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። የንግድ ትምህርት የለኝም። ነገር ግን ሱቅ ከፍቼ የዘጋሁ ሰው ነኝ። ስለ አከፋፈቱ የሚናገር ሰው ሞልቷል፤ ስለ አዘጋጉ የሚናገር ስለጠፋ እኔ ልናገር።

ከቦኖው ውኃ እስከ ወፍጮ ቤቱ ባለው መንገድ በአንድ ዓመት ውስጥ ሦስት በሮች ተዘግተውብናል። አንድ ሱቅ፣ አንድ ልብስ ስፌት፣ አንድ እንጀራ ቤት። ሦስቱም የሰፈራችን ልጆች ናቸው። ታዲያ ልብ ብላችሁ እንደሆነ፣ ባለሱቁ በሩን ሲዘጋ መደርደሪያው ላይ ዕቃ ነበረ። ልብስ ሰፊው ሲዘጋ ጨርቅም ትእዛዝም ነበረው። እንጀራ ጋጋሪዋማ በቀን ሁለት መቶ እንጀራ ታስረክብ ነበር። አንዳቸውም በኪሣራ አልሸጡም። አንዳቸውም ሰነፍ አልነበሩም። ታዲያ ምን ጣላቸው?

እኔ እንደገባኝ መልሱ ይህ ነው። ነጋዴ የሚወድቀው ሁልጊዜ ስለከሰረ አይደለም። ብዙ ጊዜ የሚወድቀው እያተረፈ የሚከፍለው ሲያጣ ነው። ትርፉ ደብተር ላይ ይጻፋል፤ ኪራይ፣ መብራትና እቁብ ግን የሚከፈሉት በእጅ ባለ ጥሬ ገንዘብ ነው። ያ ጥሬ ገንዘብ ደግሞ የሚያልቀው በአብዛኛው ስንሸጥ ሳይሆን ስንገዛ በምንሠራው ስሕተት ነው። መቼ ገዛን? ስንት ገዛን? ከማን ገዛን? በስንት ቀን እንከፍላለን? ነገሩ ያለው እዚህ ላይ ነው።

የራሴን ልንገራችሁ። ሱቄን የከፈትኩት በ2009 ዓ.ም. ነው። አምስት ዓመት ደኅና ሠራሁ። በ2014 ዓ.ም. የምግብ ዘይት ጠፍቶ ሰው ጀሪካን ይዞ ሲንከራተት የነበረበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ። በዚያ ሰሞን መርካቶ ወርጄ ሳለ አንድ የማውቀው ጅምላ ነጋዴ «ዛሬ ካልወሰድክ በሚቀጥለው ሳምንት በዚህ ዋጋ አታገኘውም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ አልዋሸኝም። እኔም ሱቁ ውስጥ የሚዞረውን ገንዘብ ለቃቅሜ፣ ለኪራይ ያስቀመጥኩትንም ጨምሬ፣ ባለ 5 ሊትር ዘይት 80 ጀሪካን ገዛሁ። አንዱን በ850 ብር፣ ጠቅላላውን በ68,000 ብር። ቤት ስገባ ባለቤቴ «ስኳሩስ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ዘይቱ ሲሸጥ ስኳር ይገዛል» አልኳት።

ዋጋው እንደተባለው ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። አንዱ ጀሪካን 950 ብር አወጣልኝ። ሰማንያው ሲያልቅ 8,000 ብር አትርፌያለሁ። ነገር ግን ለማለቅ አራት ወር ፈጀ። ዘይት ሲወደድ የሰፈራችን ሰው አምስት ሊትር መግዛቱን ትቶ በግማሽ ሊትር፣ በሩብ ሊትር ማስለካት ጀመረ። ፈርዶበት ነው፤ ምን ያድርግ? እኔም የሚገባውን ጥቂት ጥቂት ብር ለዕለት ወጪ እያደረግሁት በአራቱ ወር ውስጥ ስኳር አለቀ፣ ሳሙና አለቀ፣ ፓስታ አለቀ። ደንበኛ ስኳር ፈልጎ መጥቶ ሲያጣ ሌላ ቦታ የሚገዛው ስኳሩን ብቻ አይደለም። ሻማውንም ክብሪቱንም እዚያው ይገዛል። በማግሥቱም እግሩ የሚወስደው ወደዚያው ነው። እቁቤን ሁለት ሳምንት መጣል አቃተኝ። አከራዬ በር ላይ ቆሙ። በነሐሴ ወር ዘጋሁ። በዘይቱ አትርፌ ሱቁን ዘጋሁ እላችኋለሁ! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ።

በኋላ ከልጄ ጋር ቁጭ ብለን አሰላነው። እሷ ኮሌጅ ገብታ የሒሳብ አያያዝ ትማራለች። ያ 68,000 ብር በስኳር፣ በሳሙና፣ በፓስታና በመሳሰለው ተከፋፍሎ በየአሥር ቀኑ ቢዞርና ከመቶ 5 ብር ብቻ ቢያተርፍ፣ በአንድ ዙር 3,400 ብር ይሆናል። በአራት ወር ውስጥ 12 ዙር አለ። 40,800 ብር መሆኑ ነው። ዘይቱም ጥቂት ጥቂት ይሸጥ ስለነበር ሁሉም ገንዘብ አልተቆለፈም ብለን ግማሹን ብንጥል እንኳ ከ20,000 ብር በላይ ነው። እኔ ግን 8,000 ብር አተረፍኩ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ገንዘብ የሚያድገው ሲቆም ሳይሆን ሲዞር መሆኑን ያወቅሁት ሱቁ ከተዘጋ በኋላ ነው።

አሁን ለሁላችሁም የሚጠቅም አንድ ስሌት ላሳያችሁ። ከባድ አይደለም፤ በጣት ይቆጠራል። እያንዳንዱ ሠሪ ሦስት ቁጥር ይወቅ። አንደኛ፣ የገዛሁት ዕቃ እስኪሸጥ ስንት ቀን እኔ ጋ ይቀመጣል? ሁለተኛ፣ ከተሸጠ በኋላ ገንዘቡ በስንት ቀን እጄ ይገባል? ሦስተኛ፣ ዕቃውን የሰጠኝ ሰው ስንት ቀን ይታገሠኛል? አንደኛውንና ሁለተኛውን ደምሩ፤ ከዚያ ላይ ሦስተኛውን ቀንሱ። የቀረው ቀን ገንዘባችሁ ከቤት ወጥቶ ውጭ የሚያድርበት ቀን ነው።

የልብስ ሰፊያችንን እንይ። የተማሪ ደንብ ልብስ ትእዛዝ አገኘ ተብሎ ሁላችንም እልል ብለንለት ነበር። ጨርቁን ሰኔ 25 ቀን ገዛ። ሰፍቶ ያስረከበው መስከረም 5 ቀን ነው። ጳጉሜን ጨምሮ 75 ቀን። ገንዘቡ የተከፈለው ጥቅምት 5 ቀን ነው። 30 ቀን። ድምሩ 105 ቀን ሆነ። ጨርቅ ሻጩ የታገሠው 15 ቀን ብቻ ነው። የቀረው 90 ቀን! ለሦስት ወር የቤት ኪራይ፣ የመብራት፣ የሁለት ሠራተኞች ደመወዝ ከየት ይምጣ? ማሽኑን አስይዞ ተበደረ፤ ማሽኑም ሄደ። አያችሁ፣ ትእዛዙ ትንሽ ቢሆን ኖሮ ይተርፍ ነበር። የጣለው የሥራው መብዛት ነው። ሥራ ሲበዛ በቅድሚያ የሚወጣውም ገንዘብ አብሮ እንደሚበዛ አስቀድሞ የነገረው ሰው አልነበረም።

እንጀራ ጋጋሪዋ ደግሞ ጤፍ አገዛዟ ደኅና ነበር። አዲሱ ጤፍ ገበያ ሲወጣ በጥር ወር ትገዛለች፤ ጤፍ ደግሞ በአግባቡ ከተቀመጠ አይበላሽም። ችግሩ የመጣው ከሁለተኛው ቁጥር ነው። እንጀራ የምታቀርብለት አንድ ሆቴል በየ15 ቀኑ ይከፍላት ነበር። አንድ ቀን «ከእንግዲህ በወር ነው የምንከፍለው» አሏት። ትልቅ ደንበኛ ነው ብላ እሺ አለች። አንዱን እንጀራ 20 ብር እንበለው። ሁለት መቶ እንጀራ በቀን 4,000 ብር ነው። በ15 ቀን 60,000 ብር፣ በ30 ቀን 120,000 ብር። እንግዲህ አስቡት፣ ሆቴሉ አንዲት ሳንቲም አልካዳትም። ነገር ግን ያቺ ሴት በዚያች ቀን 60,000 ብር ያለ ወለድ ለሆቴል አበደረች ማለት ነው። ሆቴል ከጋጋሪ ተበድሮ ይነግድ? እሷ ግን ብድር መስጠቷን አላወቀችም። ያወቀችው ለማገዶና ለመብራት ስታጣ ነው።

ከእነዚህ ጋር እንጨት ሠሪያችንን አስተያዩት። በር ሲያዝዙት ግማሹን ቀብድ ይቀበላል። እንጨቱንም ማጠፊያውንም የሚገዛው በቀብዱ ነው። ቀሪውን በርክክቡ ቀን ይቀበላል። ከራሱ ኪስ የሚወጣው ጥቂት ነው። አባቶቻችን ቀብድ ያሉት ነገር ይህንኑ ችግር የሚፈታ ነው። አንድ ነገር ብቻ ይጠንቀቅ፤ የአንዱን ሰው ቀብድ ለሌላው ሰው በር እንጨት ገዝቶበት እንዳይገኝ። ያን ጊዜ ቀብዱ ዕዳ ይሆናል።

ሌላው ነገር ወቅት ነው። ወቅትን የማያይ ግዥ ገንዘብ ይቆልፋል። በሁዳዴ 55 ቀን ወተትና እንቁላል እንደ ወትሮው አይሸጥም፤ ምስርና ሽሮ ግን ይፈለጋል። በወር መጨረሻ ደመወዝ ሲወጣ በኪሎ የሚገዛው ሰው፣ ከ20 በኋላ በሩብ ይገዛል። ይህን ሁሉ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስንቶቻችን ነን ግዥያችንን በዚያ መጠን የምናደርገው? የሚበላሽ ዕቃ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት አትክልት ተራ ወደ ጃን ሜዳ፣ በኋላም ወደ ኃይሌ ጋርመንት ሲዛወር፣ መንገድ የራቀባቸው ጉልት ቸርቻሪዎች «ለመጓጓዣው ካወጣን አይቀር» እያሉ በአንዴ ብዙ ማምጣት ጀመሩ። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ቲማቲም ግን ከሦስት አራት ቀን በላይ አልታገሣቸውም። ለመጓጓዣ የቆጠቡት በበሰበሰው ሄደ።

አሁን አንዳንዶቻችሁ በሆዳችሁ የምትሉትን አውቃለሁ። «ጸሐፊው፣ ዋጋ በየጊዜው እየጨመረ ብር ይዞ መቀመጥ ሞኝነት አይደለም ወይ?» ትላላችሁ። ልክ ናችሁ፤ ጥያቄው ከባድ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። ያን ጊዜ ዕቃ ይዞ የቆየ ሰው ተጠቅሟል። እኔም አትያዙ አልልም። የምለው፣ ምን እንደምትይዙና በምን ገንዘብ እንደምትይዙ ለዩ ነው። በየቀኑ የሚሸጥ ዕቃ፣ ማለትም ስኳር፣ ሳሙና፣ ጨው፣ ከሳምንት ፍጆታችሁ ትንሽ አስበልጣችሁ ያዙ። በወር አንዴ የሚጠየቅ ዕቃ ግን ሁለት ሦስት ይበቃዋል። ከሁሉም በላይ፣ በዚህ ወር የሚከፈል የኪራይ፣ የእቁብና የግብር ገንዘብ ዕቃ አይገዛበትም። ዋጋ ይጨምራል ተብሎ በተቆረጠ ገንዘብ የተገዛ ዕቃ፣ ዋጋው ጨምሮም ባለቤቱን ይጥላል። ምስክሩ እኔ ነኝ።

ልጄ ከመጽሐፏ ያነበበችልኝን አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በጃፓን አገር ቶዮታ የሚባለውን መኪና የሚሠራው ኩባንያ ውስጥ ታይቺ ኦኖ የሚባል ሰው ነበረ። ይህ ሰው በ1956 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር አሜሪካ ሄዶ ከፋብሪካዎቹ ይልቅ የገረመው የምግብ ሱፐርማርኬቱ ነው። ደንበኛው ከመደርደሪያ የሚያነሣው የሚፈልገውን ያህል ነው፤ ባለሱቁም የሚተካው የተነሣውን ያህል ነው። ኦኖ ይህንን ወደ ፋብሪካው ወስዶ፣ የሚቀጥለው ሠራተኛ የወሰደው ያህል ብቻ እንዲሠራ አደረገ። መጋዘን የሚቀመጠው ዕቃ ቀነሰ፤ የተቆለፈው ገንዘብም ተለቀቀ። እንግዲህ ይህ ትልቅ ኩባንያ የተማረው ከሱቅ ነው! ነገር ግን ነገሩ እዚህ አላበቃም። በ2011 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በጃፓን ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ አቅርቦት ተቋረጠ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያው ቢጎድሉ ሥራ የሚያስቆሙ አንዳንድ የኤሌክትሮኒክ ዕቃዎች በአቅራቢዎቹ ዘንድ ለወራት የሚበቃ እንዲቀመጥ አደረገ። ሁሉንም ሳይሆን፣ የሚያስቆሙትን ብቻ። እኛም እንዲሁ ነው ማድረግ ያለብን።

የኛም አገር ይህንን ያስተምረናል። በጥቅምት 2017 ዓ.ም. መርካቶ ሸማ ተራ በእሳት ሲቃጠል ብዙ ነጋዴ ንብረቱን አጥቷል። እነሱ ላይ የደረሰው ሐዘን ሳይረሳ፣ ዕቃውን ሁሉ ከአንድ ሰው ብቻ የሚወስድ ቸርቻሪ ደግሞ እንዲህ ባለ ቀን በአንድ ሌሊት ባዶ እጁን ይቀራል። ስለዚህ ቢያንስ ሁለት ጅምላ ሻጭ ይወቃችሁ። አንዱ ዕቃ ሲያጣ ሌላው ይኖረዋል፤ አንዱ «ዛሬ ካልከፈልክ» ሲል ሌላው ሳምንት ይታገሣል።

አሁን ወደ እኛ ልምጣ፤ ወደ ገዢዎቹ። እስካሁን ስለ ነጋዴ ስናገር አንዳንዶቻችሁ «እኛን አይመለከተንም» ብላችሁ ተዝናንታችሁ ተቀምጣችኋል። ይመለከታችኋል። በየሱቁ ውስጥ ከመደርደሪያው ጀርባ አንድ ደብተር አለ፤ የዱቤ ደብተር። ስማችን እዚያ ላይ ነው። «ዱቤ ነገ» ብሎ የለጠፈው ሱቅ እንኳ ደብተር አለው፤ የሰፈሩን ሰው እምቢ ማለት ያቅተዋላ! ዱቤ መጥፎ ነገር አይደለም። ከ20 እስከ 30 ያለውን ቀን የምንሻገረው በዱቤ ነው። ልጅ ሲታመም፣ ለቅሶ ሲመጣ የሚደርስልን እሱ ነው። ነገር ግን ደመወዝ ከተቀበልን በኋላ ዱቤውን ትተን፣ በእጃችን ያለውን ጥሬ ገንዘብ ይዘን አስፋልቱ ላይ ካለው ትልቅ ሱቅ የምንገዛ አለን። ይህ ደግ ነገር ነው ወይ? ብድር ሲሆን ወደ ታች፣ ጥሬ ገንዘብ ሲሆን ወደ ላይ!

ሱቄን ስዘጋ በደብተሬ ላይ 14,300 ብር ቀርቶ ነበር። የማንንም ስም አልጠራም፤ ግማሾቹ ዛሬ እዚህ ተቀምጠዋል፣ ብዙዎቹም በኋላ ከፍለውኛል። ነገር ግን ያ ገንዘብ በግንቦት ቢመጣ ኖሮ ስኳር ይገዛ ነበር። በጥቅምት ሲመጣ ሱቅ አልነበረም። ገንዘቡ ያው ነው፤ ቀኑ ግን ያው አይደለም። ዘንድሮም ሱቁ ሲዘጋ የተጎዳው ባለሱቁ ብቻ አይደለም። እግራቸውን የሚያማቸው አንዲት እናታችን ለአንድ ሻማ አስፋልት ድረስ ይሄዳሉ። እዚያ ደግሞ ዱቤ የለም፤ የሚያውቃቸውም የለም።

ስለዚህ ሥራ አስፈጻሚው የሚከተሉትን አራት ነገሮች ለአባላት አቅርቧል።

አንደኛ፣ የዱቤ ደብተር በየወሩ ይዘጋ። ደመወዝ በተቀበልን በአምስት ቀን ውስጥ ሙሉውን፣ ካልተቻለ ግማሹን እንክፈል። በእጅ መምጣት ያልተመቸው በቴሌብር ይላክ። የቸገረው ሰው ደግሞ መንገድ አቋርጦ ከመደበቅ ይልቅ ሄዶ ይናገር። ባለሱቁን የሚገድለው ዝምታው ነው፤ ቀኑን ካወቀ ግዥውን በዚያ ልክ ያደርጋል።

ሁለተኛ፣ የሰፈራችን ባለሱቆች በሳምንት አንድ ቀን በኅብረት ይግዙ። አንድ ሰው ብቻውን ለመጓጓዣ 600 ብር የሚያወጣ ከሆነ፣ ስድስት ሰው አንድ መኪና በ1,800 ብር ቢይዝ ለእያንዳንዱ 300 ብር ይደርሰዋል። ዋናው ጥቅም ግን መጓጓዣው አይደለም። መጓጓዣ ሲረክስ በወር አንዴ ብዙ ከመጫን በየሳምንቱ ጥቂት መግዛት ይቻላል። ገንዘቡ ቶሎ ይዞራል።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ሠሪ ሁለት ጣሳ ይኑረው። አንዱ የዕቃ መተኪያ፣ ሌላው የኪራይ፣ የእቁብና የቤት ወጪ ጣሳ። ማታ ሲዘጋ የተሸጠው ዕቃ መግዣ ዋጋ ወደ መጀመሪያው፣ ትርፉ ወደ ሁለተኛው ይግባ። ከአንዱ ወደ ሌላው የተበደረ እንደ ባዕድ ብድር ይጻፈው። እኔ አንድ መሳቢያ ብቻ ስለነበረኝ የልጆቼን እራት ከስኳሩ ገንዘብ እየገዛሁ እንደሆነ አላየሁም።

አራተኛ፣ ትልቅ ትእዛዝ ያገኘ አባል ከመፈረሙ በፊት ወደ ማኅበሩ ይምጣና ሦስቱን ቁጥር አብረን እንቁጠር። ቀኑ ከበዛ ቀብድ ይጠይቅ፤ ወይም ሥራውን በየክፍሉ እያስረከበ በየክፍሉ ይከፈለው። ይህንን የማይሰማ ደንበኛ ቢያልፍ ይሻላል። ባይፈርም ኖሮ ልብስ ሰፊያችን ዛሬ ማሽኑ ላይ በተቀመጠ ነበር።

የኅብረት ግዥውን ለመጀመር የሚፈልጉ ባለሱቆች በመጪው እሑድ ከቀኑ 8 ሰዓት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እንዲገኙ አሳስባለሁ። ደብተራችሁን ይዛችሁ ኑ። ቁጥር የሚያስቸግረው ካለ ልጄ ትረዳለች፤ ቃል ገብታልኛለች። የተዘጉትን ሦስት በሮች የከፈቱት ልጆቻችን ደግሞ ዛሬ እዚህ ባይሆኑም ይህ ይነገራቸው። የወደቁት በስንፍና አይደለም፤ ማንም በዚህ እንዳያማቸው። ከመካከላቸው እንደገና ልሞክር የሚል ካለ፣ ማኅበሩ ለቁም ነገር ካጠራቀመው ገንዘብ ላይ ጥቂት እንድናበድረው በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀርባለሁ። ሦስቱን ቁጥር ቆጥሮ እስከመጣ ድረስ።

በደብተር ላይ ስሙ ያለ ሁሉ፣ እኔንም ጨምሮ፣ ወደ ቤቱ ሲመለስ በሱቁ በኩል ይለፍ። እኔ ዛሬ ጠዋት 460 ብር ነበረብኝ፤ ከፍዬ ነው ወደዚህ የመጣሁት። ካልከፈልኩ በምን አፌ እናገራለሁ?



የማኅበሩ ጸሐፊ